ብርሌያችሁ የተሰነጠቀው እሳት አንሶት አይደለም

ጥያቄው፦ «ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ኮምቦልቻ ነው የምንኖረው። ከቆራሌ የገዛነውን ስብርባሪ የቢራ ጠርሙስ አሮጌ የብረት ድስት ውስጥ ጨምረን በከሰልና በኤሌክትሪክ ወናፍ አቀለጥነው። በውሃ ቧንቧ ቁራጭ ጠቅልለን ብርሌ ለመንፋት ሞከርን። ቅርጹ ደህና ነበር፤ መንፋቱ ግን ትንፋሽ የሚያስጨርስ ሆነብን። እንዳይሰነጠቅ ብለን ትኩስ አመድ ውስጥ ቀበርነው። ጠዋት ስናወጣው አብዛኛው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ደግሞ ደህና ወጥቶ ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ማንም ሳይነካው ተሰነጠቀ። የቦርከናን አሸዋ ቀላቅሉበት፣ ያጠነክረዋል የሚሉን አሉ። እኛ ያነሰን እሳት ነው ብለን ብድር ወስደን ትልቅ ምድጃ ልንሠራ ነው። ወደፊት ቅርጻ ቅርጽም የመሥራት ሐሳብ አለን። ምን ይሻለናል?»

ብድሩን ለጊዜው አቆዩት። ያነሳችሁ እሳት አይደለም። ጠርሙሱ ቀልጦ፣ ቧንቧ ላይ ተጠቅልሎ፣ ተነፍቶ ቅርጽ ከያዘ እሳቱ ሥራውን ሠርቷል። የሌላችሁ ማብረጃ ነው፤ የተነፋውን ዕቃ በልክ ቀስ እያደረገ የሚያቀዘቅዝ ምድጃ። ምድጃውን በእጥፍ ብታሳድጉት የሚሰነጠቀው ብርሌ በእጥፍ ይበዛል እንጂ አንድም አይተርፍላችሁም።

መጀመሪያ የሦስት ቀኑን እንቆቅልሽ እንፍታው፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ይመዘዛል። መስታወት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ከእሳት ሲወጣ ቀድሞ የሚቀዘቅዘው ላዩ ነው። ላዩ ደርቆ ቅርጹን ሲይዝ ውስጡ ገና ለስላሳ ነው። ቆይቶ ውስጡም ሊኮማተር ሲል የደረቀው ላዩ አልላወስ ይለዋል። ስለዚህ ውስጡ እንደተወጠረ፣ ላዩ እንደተጨመቀ ይቀራሉ። በዓይን ምንም አይታይም። ዕቃው ያበራል፣ ያምራል፣ ሲነኩት ጥሩ ድምፅ ይሰጣል። ነገር ግን መስታወት ላይ ጥቃቅን ጭረት አይጠፋም። ውጥረት ካለ ጭረቱ በአየሩ እርጥበት እየታገዘ ቀስ እያለ ይረዝማል። የተወጠረው ክፍል ላይ የደረሰ ዕለት ጧ ይላል። ብርሌያችሁን ቡዳ አልበላውም። ሦስቱንም ቀን ሲሰነጠቅ ነው የከረመው፤ እናንተ ያያችሁት መጨረሻውን ብቻ ነው።

ብርሌ ደግሞ ለዚህ ጣጣ የተመቸ ቅርጽ ነው። አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ሰፊ፣ ቂጡ ወፍራም። አንገቱ በሰከንዶች ውስጥ ሲደርቅ ቂጡ ገና ይግላል። ለዚህ ነው ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ቂጡ አካባቢ ጀምሮ ዞሮ የሚሄደው። የተሰበረውን ካልጣላችሁት አውጡና እዩት።

አሁን ወደ አመዱ። አመድ ሙቀት ያቆያል፤ ይህ እውነት ነው። ለጨሌ የሚሆን ትንሽ ዶቃ ከሆነ ሊያወጣችሁ ይችላል። ለዕቃ ግን አይሆንም። የሚያስፈልገው ቶሎ አለመቀዝቀዝ ብቻ አይደለም። ዕቃው ሁሉም ቦታው እኩል ሙቀት ላይ መድረስ አለበት፤ እዚያው ላይ መቆየት አለበት፤ ከዚያ ነው እኩል መውረድ ያለበት። የጠርሙስ መስታወት ይህ የሚሆንለት 540 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በዚህ ሙቀት ቅርጹን አይለቅም፣ ውስጡ ያለው መጓተት ግን ይፈታል። አመድ ውስጥ ስትቀብሩት አንገቱ ከዚያ በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ቂጡ ከዚያ በላይ ነው። አመዱ ይህንን ልዩነት አያስተካክልም፤ እንዳለ ያቆየዋል። የአመዱን ሙቀት ደግሞ ማን ለካው?

ግድግዳው 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ለሆነ ዕቃ አካሄዱ እንዲህ ነው። ዕቃው ገና ትኩስ ሳለ 540 ላይ እየጠበቀ ያለ ምድጃ ውስጥ ይገባል። የመጨረሻው ዕቃ ከገባ በኋላ አንድ ሰዓት እዚያው ይቆያል። ከዚያ በሰዓት 60 ዲግሪ ገደማ እየወረደ 400 ይደርሳል። ከ400 በታች በሰዓት 100 ዲግሪ ቢወርድ ግድ የለም። ምድጃው በእጅ የሚያስነካ እስኪሆን በሩ አይከፈትም። ማታ ያስገባችሁትን ጠዋት ታወጣላችሁ ማለት ነው። በሩን «ትንሽ ልየው» ብሎ የሚከፍት ሰው ከመካከላችሁ ካለ ቁልፉን ደብቁበት።

ይህን ምድጃ ከውጭ አታስመጡ። ወሎ ውስጥ የሚሠራላችሁ ሰው አለ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሠሪው። ሬዚስታንስ ሽቦ መጠምጠም፣ በሸክላ ቦይ ውስጥ መደርደር፣ ስንት ሜትር ስንት ኪሎዋት እንደሚሰጥ ማስላት የዕለት ሥራው ነው። የምጣድ ሽቦ ለ540 ዲግሪ ከበቂ በላይ ነው። ውስጡ 40 በ40 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ሣጥን አሠሩ። ለዚህ ሙቀት ተራው ቀይ ሸክላ ጡብ እንኳ ይችላል፤ ቀለል ያለ የእሳት ጡብ ካገኛችሁ ግን ይመረጣል። ከጡቡ ጀርባ 10 ሳንቲሜትር ክፍተት ተዉና በደረቅ አመድ ሙሉት። አመዱ እዚህ ጋ ነው ሥራ ያለው። ኃይሉ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይሁን፤ ከምጣድ አይበልጥም። የራሱ ገመድ፣ የራሱ ብሬከር፣ የራሱ ምድር መስመር ግን ይኑረው።

ሁለት ነገር ላይ አትቆጥቡ። አንዱ ሙቀት መለኪያው ነው። ኬ የሚባለው ዓይነት ቴርሞካፕል (ምድጃ ውስጥ ገብቶ ሙቀት የሚለካ ሽቦ) እና በፕሮግራም የሚሠራ ዲጂታል መቆጣጠሪያ ግዙ፤ «እዚህ ድረስ ውጣ፣ ይህን ያህል ቆይ፣ በሰዓት ይህን ያህል ውረድ» የሚባለው ዓይነት። የምጣድ ማብሪያ ማጥፊያ ይህን አይሠራም። ሁለተኛው በሩ ሲከፈት ኤሌክትሪኩን በራሱ የሚያቋርጥ ማጥፊያ ነው። የብረት ዘንግ ይዛችሁ ነው እጃችሁን የምታስገቡት። ዘንጉ የጋለውን ሽቦ ከነካ በመስታወት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ነው የምትሞቱት። ምጣድ ሠሪው ይህን አስቦ ላያውቅ ይችላል፤ ምጣድ ላይ አያስፈልገውምና። እናንተ ንገሩት።

መብራት ቢጠፋስ? ይጠፋል። በደንብ የተሸፈነ ምድጃ ሙቀቱን የሚለቀው ቀስ ብሎ ስለሆነ አጭር መቋረጥ አይጎዳውም። ረዘም ካለ በሩን አትንኩ። መብራቱ ሲመጣ ቀስ ብላችሁ እንደገና 540 አድርሱትና ከመጀመሪያው ጀምሩት። ዕቃው እስካልተሰነጠቀ ድረስ የገባበት ውጥረት እንደገና ይፈታል።

ውጥረቱ መፈታት አለመፈታቱን ለማየት የሚያስወጣችሁ ገንዘብ የለም። የኮምፒውተር ስክሪን ሙሉ ነጭ አድርጉ። ፖላራይዝድ የሚባለውን የፀሐይ መነጽር ፈልጉ፤ ሾፌሮች ጋ አይጠፋም። መነጽሩን ዓይናችሁ ላይ ሳታደርጉ በእጅ ይዛችሁ ስክሪኑ ጥቁር እስኪሆን ድረስ አዙሩት። ከዚያ ብርሌውን በስክሪኑና በመነጽሩ መሃል አስገቡት። ደህና የበረደ መስታወት እንደ ጀርባው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የተወጠረው ግን ያበራል፤ ጠርዝና ቂጡ ላይ ነጭ መስመር፣ ሲብስ ቀለም ያሳያል። ስክሪኑ የኤልሲዲ ዓይነት መሆን አለበት። ይህን ሳታዩ አንድም ዕቃ አትሽጡ። ቤቱ ወስዶት ትኩስ ሻይ ሲቀዳበት እጁ ላይ የተሰበረበት ሰው ሁለተኛ አይገዛችሁም።

የቦርከና አሸዋ ምክር የተሳሳተ ብቻ አይደለም፣ ሥራ ያበላሻል። መስታወት ከአሸዋ ይሠራል የሚለው ትክክል ነው፤ ግን ከየትኛውም አሸዋ አይደለም። የሚፈለገው ንጹሕ ሲሊካ ነው፤ እሱ ብቻውን የሚቀልጠው 1700 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሚቀልጥበት ሙቀት የሚወርደው ሶዳ አሽ የሚባለው ዱቄት ሲጨመርበት ነው፤ ኖራ ደግሞ በውሃ እንዳይሟሟ ያደርገዋል። በእጃችሁ ያለው ጠርሙስ ከመቶው 70 በላይ ሲሊካ፣ 13 ገደማ ሶዳ፣ 10 ገደማ ኖራ ሆኖ በፋብሪካ የተመጠነ ነው። የወሎ ተራሮች የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ግድም ከፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተሠሩ ጥቁር ድንጋይ ናቸው። ቦርከና የሚያወርደው የነሱን ፍርፋሪ ነው፤ ብረት የበዛበት። እሱን ስትቀላቅሉበት ግማሹ ሳይቀልጥ ጠጠር ሆኖ ይቀራል፣ ግማሹ መስታወቱን ያጠቁረዋል። እያንዳንዱ ጠጠር የስንጥቅ መነሻ ነው።

ደግሞስ ለምን ከአሸዋ ትጀምራላችሁ? በሮማውያን ዘመን እንኳ አብዛኛው መስታወት ነፊ አሸዋ አቅልጦ አያውቅም። ጥሬው መስታወት በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ዳርቻና በግብፅ ይቀልጥና በድንጋይ መልክ ተጭኖ ለነፊዎች ይሄድ ነበር። መንፋት ራሱ የተገኘው እዚያው ዳርቻ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ቶሌዶ ሙዚየም የሸክላ ጥበብ ሠሪው ሃርቪ ሊትልተን አንድ ሠዓሊ በራሱ ትንሽ ምድጃ መስታወት ሊነፋ ይችላል ብሎ ሲሞክር፣ የመጀመሪያው ቅልቅል አልሠራም። ነገሩን ያዳነው የመስታወት ተመራማሪው ዶሚኒክ ላቢኖ ነው፤ ከፋብሪካ የተሠሩ የመስታወት ብይዎችን አምጥቶ አቀለጡ። ዛሬ በየሀገሩ ያለው የትንንሽ ወርክሾፕ ጥበብ የተነሳው ከዚያ ነው። እናንተ ደግሞ ቆራሌ አላችሁ።

የጠርሙሱ ምርጫ ላይ ግን ጨከን በሉ። እያንዳንዱ መስታወት የሚኮማተረው በራሱ ልክ ነው። ሁለት ዓይነት መስታወት አንድ ዕቃ ውስጥ ከገቡ ማብረጃውም አያድናችሁም፤ አንዱ አንዱን ይሰብረዋል። የጠርሙስና የመስኮት መስታወት ቢቀራረቡም አንድ አይደሉም። እሳት ላይ የሚጣደው የመስታወት ሳህን ደግሞ መኮማተሩ የጠርሙሱን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ጭራሽ አታስጠጉት። ቡናማውን የቢራ ጠርሙስና አረንጓዴውን የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በአንድ ማቅለጫ አትጨምሩ። ቡናማው ቀለሙን የሚያገኘው ከብረትና ከድኝ ነው፤ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ድኙ ጋዝ እየሆነ ይወጣና አረፋ ያደርገዋል። አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀለም፣ ከተቻለም የአንድ ፋብሪካ። ቆርኪና ወረቀቱን ልቀሙ፣ እጠቡ፣ አድርቁ። የድሮው ባለ ሆድ ቴሌቪዥን መስታወት እርሳስ አለበት፣ የፍሎረሰንት አምፖል ሜርኩሪ አለበት። እነሱን ቆራሌው በነፃ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ። ሰው የሚጠጣበት ዕቃ ነው የምትሠሩት።

ሙሉ ጠርሙስ ለመስበር ከመግዛት ስብርባሪውን ለቅሙ። ሙሉው ተመልሶ ለፋብሪካ ስለሚሄድ ዋጋ አለው። ስባሪው ነው ማንም የማይፈልገው።

ስለ መንፋቱ አንድ ነገር። ትንፋሽ አስጨረሰን ያላችሁት መስታወቱ በጣም ቀዝቅዞ ስለነበር ነው። መስታወት መንፋት ጉልበት አይጠይቅም። ብርሌን እንውሰድ። ቧንቧው ጫፉ ሞቆ ቀላጩ ውስጥ ይገባል፤ ይዞራል፤ ማር በማንኪያ እንደሚጠቀለል ተጠቅልሎበት ይወጣል። ወፍራም የብረት ላሜራ ላይ እያንከባለሉ ያስተካክሉታል። ከዚያ አንዲት አጭር እፍታ ብቻ ይገባና የቧንቧው አፍ በአውራ ጣት ይደፈናል። ውስጥ የታፈነው አየር ሲሞቅ ራሱ ይነፋል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ አረፋ ብቅ ስትል ታዩታላችሁ። አረፋዋ ከታየች በኋላ ያለው ሥራ ማዞር ነው። ማዞር ያቆመ እጅ መስታወቱን ወደ መሬት ያፈሰዋል። አንገቱ የሚወጣው በትልቅ ወረንጦ መሰል መቆንጠጫ ነው። መቆንጠጫው ቧንቧው አጠገብ ቀለል ተደርጎ ይያዛል፣ ቧንቧው ይሽከረከራል፣ መስታወቱ በራሱ ይጠብባል። የሚጫን ሰው ያጣምመዋል። ሆዱን የሚያለሰልሰው ውሃ የጠገበ፣ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ጋዜጣ ነው፤ በእጅ መዳፍ ላይ ተደርጎ። ጋዜጣው ይጨሳል እንጂ አይነድም፤ ደረቅ ቦታ ካለው ግን መዳፋችሁን ያስታውሳችኋል።

የጠርሙስ መስታወት ቶሎ ይደርቃል። ፋብሪካው ማሽኑ በደቂቃ ብዙ ጠርሙስ እንዲያወጣ ሆን ብሎ እንዲህ መጥኖታል። ለእጅ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀው መስታወት ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጣል፤ የጠርሙሱ ግን ከእሳት ከወጣ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ እምቢ ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ማቅለጫው ብቻ አይበቃም፤ ዕቃውን እየመለሱ የሚያሞቁበት ክፍት አፍ ያለው ሁለተኛ ምድጃ ያስፈልጋል። እናንተ ይህ ስለሌላችሁ በሳንባችሁ ነው የታገላችሁት።

ስለ ማቅለጫችሁ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ልበል። የብረት ድስት ዝገቱን ወደ መስታወቱ ይለቃል፤ ጥቁር ነጠብጣቡ ከሱ ነው። ሸክላ ድስት ቀላጩ ይበላዋል። ነሐስ አቅላጮች የሚጠቀሙበት የግራፋይት ማቅለጫም መስታወትን በአረፋ ይሞላዋል። አሉሚና የሚባለው ሙቀት የሚችል ማዕድን የበዛበት የእሳት ሸክላ ነው የሚፈለገው፤ ይህኛው መገዛት አለበት። የምድጃውን ውስጥ በጥቁር ድንጋይ አትደርድሩ። የአካባቢያችን ድንጋይ ከ1100 ዲግሪ ጀምሮ ራሱ መቅለጥ ይጀምራል፤ እርጥበት ካለበት ደግሞ ይፈነዳል። የውሃ ቧንቧ ያላችሁት የተለበጠ ከሆነ ዛሬውኑ ጣሉት። ልባጩ ዚንክ ነው፤ ሲግል የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ያልተለበጠ ጥቁር ቧንቧ ለልምምድ ይሆናል፤ ጫፉ የማይዝግ ብረት የሆነ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ርዝመት ያለው ቧንቧ ደግሞ ለሥራ።

ማገዶውን በተመለከተ በከሰል ቋሚ ምድጃ ማሰብ ይቅርባችሁ። የማቅለጫ ምድጃ ሌት ተቀን የሚነድ ነገር ነው፤ ሲጠፋና ሲቀጣጠል ውስጡ ያለው የማቅለጫ ዕቃ ይሰነጠቃል። ያን ያህል ከሰል የየትኛውን ተራራ ዛፍ ይጨርሳል? በኤስዋቲኒ (በቀድሞዋ ስዋዚላንድ) ያለው ንግዌንያ የመስታወት ወርክሾፕ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በስዊድን ዕርዳታ ተከፈተ፣ በ1985 ተዘጋ፣ በ1987 በአንድ ቤተሰብ እንደገና ተከፈተ። የሚነፉት ጥራጊ ጠርሙስ ብቻ ነው፤ ምድጃውም ባገለገለ ዘይት ይነድዳል። ኮምቦልቻ የጅቡቲ መንገድ መኪኖች የሚያልፉባት ከተማ ናት፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከየጋራዡ አይጠፋም። ግን ዘይት በትክክል ካልነደደ መርዛም ጭስ ነው። ቀድሞ የሚሞቅበት፣ የሚጣራበት፣ በኃይለኛ አየር የሚረጭበት ማቃጠያና ረጅም ጭስ ማውጫ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ከፍታችሁን አትርሱ። ኮምቦልቻ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ፣ ደሴ ላይ በአንድ አራተኛ ገደማ ይሳሳል። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት የማቃጠያ ንድፍ የተሰላው ለባሕር ዳርቻ ይሆናል። የአየር ማራገቢያውን ከንድፉ ከፍ አድርጋችሁ ምረጡ፤ አለዚያ እሳቱ ጥቀርሻ ይሆናል።

እንግዲህ መንገዳችሁን ልንገራችሁ። በቁጠባችሁ ማብረጃውን ብቻ ሥሩ፤ ግን ሽቦውና ጡቡ 800 ዲግሪ እንዲችል አድርጉት። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ያው ሣጥን ሁለተኛ ሥራ ይሠራላችኋል። ጠርሙስ ቆርጣችሁ፣ ጠርዙን በውሃ እየሞረዳችሁ፣ በሸክላ ቅርጽ ላይ አስተኝታችሁ 720 ዲግሪ ገደማ ስታደርሱት ጎብጦ ሳህን፣ ትሪ፣ የሻማ ማስቀመጫ ይሆናል። ቅርጹን ሸክላ ሠሪዎች ይሠሩላችኋል። ያልተቀባ፣ በደንብ የደረቀ፣ መሃሉ ላይ አየር ማስወጫ ቀዳዳ ያለው ይሁን፤ መስታወቱ እንዳይጣበቅ ደግሞ ካኦሊን የሚባለውን ነጭ የሸክላ አፈር በውሃ በጥብጣችሁ ቀቡት። ከ700 በላይ ብዙ አታቆዩት። የጠርሙስ መስታወት እዚያ ከቆየ ላዩ ይጎረብጣል፣ ነጭ ጉም ይለብሳል። ከዚያ 540 ላይ አሳርፉትና እንደ ብርሌው አውርዱት። ይህ መነፋት አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን በመጀመሪያው ወር የሚሸጥ ነገር ይሰጣችኋል። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ካፌዎች አሉ፤ ላሊበላም ቱሪስት ሲኖር ገበያ ነው። ከሁሉ በላይ ማብረድን ትማሩበታላችሁ።

ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ በኦክስጅንና በጋዝ ማቃጠያ እሳት የመስታወት ዘንግ እያቀለጡ ትንንሽ ነገር መሥራት። ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ንጹሕ ሥራ ነው። ነገር ግን ዘንጉ ከውጭ ይመጣል፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ወጪውም አያልቅም። ለናንተ አልመክረውም።

መንፋቱን የምትጀምሩት ከ20 ዕቃ 18ቱ በመነጽሩ ሲታይ ጥቁር ሆኖ መውጣት ሲጀምር ነው። ያኔ ብድሩ ትርጉም ይኖረዋል። ከመበደራችሁ በፊት ግን አንዳችሁ ኬንያ ሄዳችሁ ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ያለውን የኪተንጌላ የመስታወት ወርክሾፕ ቆማችሁ እዩ። የአውቶቡሱም ሆነ የአውሮፕላኑ ዋጋ ከአንድ የተበላሸ ምድጃ ያንሳል። ሦስት መሆናችሁ ጥሩ ነው፤ መንፋት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ ያዞራል፣ አንዱ ይነፋል፣ አንዱ በር ይከፍታል። ዴል ቺሁሊ በዓለም ስሙ የገነነው በመስታወት ቅርጽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በመኪና አደጋ የአንድ ዓይኑን ብርሃን አጣ፣ በ1979 ደግሞ ትከሻው ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ቧንቧውን ለሌሎች ትቶ ቡድን እየመራ ነው የሠራው።

ቅርጻ ቅርጹን ግን በወፍራም አትጀምሩት። የማብረጃ ጊዜ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። 6 ሚሊሜትር በአንድ ሌሊት ከበረደ 5 ሳንቲሜትር ብዙ እጥፍ የሚረዝም ጊዜ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1934 በአሜሪካ ላለው የፓሎማር ቴሌስኮፕ የተጣለው 5 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ለመብረድ 10 ወር ገደማ ፈጅቷል፤ እሱም እምብዛም ከማይኮማተር መስታወት ተሠርቶ ነው። መብራት እየመጣ በሚሄድበት ቦታ ይህን አትሞክሩት። ትልቅ ነገር ማሳየት ከፈለጋችሁ ብዙ ቀጫጭን የተነፉ ቁራጮችን ለየብቻ አብርዳችሁ በብረት አጽም ላይ ስቀሏቸው። ቺሁሊም ትልልቆቹን የሚሠራው እንዲህ ነው። አንዱ ቢሰበር አንዱን ትተካላችሁ።

ብርሌውን ራሱን ብትይዙት ደግሞ ገበያችሁን አስፉ። በወሎ ጠጅ የሚጠጣም አለ፣ ብርዝ ብቻ የሚጠጣም አለ፤ ብርሌው ለሁለቱም ይሆናል። የፋኖስ መስታወትም ከብርሌ የቀለለ፣ ለመማር የሚመች ሥራ ነው።

ለጤናችሁ፦ መስታወት ስትፈጩና ስትሞርዱ ሁልጊዜ በውሃ ይሁን። ደረቅ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። የነጣ እሳት ለዓመታት በባዶ ዓይን ያየ ሰው ዓይኑ ሞራ ይጋርደዋል፤ የመስታወት ነፊዎች የቆየ በሽታ ነው። የሙቀት ጨረር የሚከላከል መነጽር ግዙ፤ ተራ የፀሐይ መነጽር አይበቃም። ናይለን ልብስ ቆዳ ላይ ይቀልጣል፤ ጥጥ ልበሱ። ክፍሉ ፊትና ኋላው ክፍት ካልሆነ ከሰል አታቀጣጥሉበት።

ማብረጃው ሲያልቅ የመጀመሪያውን ሙከራ ባዶውን አድርጉ። በየግማሽ ሰዓቱ የመለኪያውን ቁጥር በደብተር ጻፉ፤ በሩ አጠገብ አንድ ጊዜ፣ ከኋላ ግድግዳው አጠገብ አንድ ጊዜ። በሁለቱ መሃል ከ10 ዲግሪ በላይ ልዩነት ካለ ሽቦውን በበሩ በኩል ጠበቅ አድርጎ እንዲደረድር ለምጣድ ሠሪው መልሱለት። ቀጣዩን ጥያቄ ስትልኩልኝ ያንን ደብተር ፎቶ አንስታችሁ፣ የብርሌውንም ግድግዳ ውፍረት ለክታችሁ አብራችሁ ላኩ።